የሁለት ሰዓቱ በር

የሚኒሶታ በረዶ ባየለበት ጠዋት፣ የጋራዥ በር ጠጋኙ ዱዌይን «አስቸኳይ ነው» ተብሎ የተጠራበት ቤት ሲደርስ፣ አንዲት አሮጊት የሟች ባላቸውን ሰፊ ካፖርት ደርበው፣ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው ጠበቁት።

«ሞላው ተሰብሮ ነው በሩ አልነሳ ያለዎት፣ እማማ። መኪናዎ እንደሆነ ጎማዋ ከተነፈሰ ቆይቷል። ለነገ ቢያድር ምን ነበረበት?»

«እንደየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ካልከፈትኩት ማዶ ያለው ሰውዬ ሞተች ይላል።»

«ደውለው አይነግሩትም?»

«ስሙን የት አውቄው! በእጅ ብቻ ነው ሰላም የምንባባለው፤ አሥራ አንድ ዓመታችን።»

ዱዌይን ሌላ ሳይጠይቅ ሞላውን ቀየረ። በሩ ሲከፈት ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። አንድ ሽማግሌ በፒጃማና በነጠላ ጫማ በረዶውን እየረገጡ መንገዱ መሀል ደርሰዋል። ሴትዮዋን ሲያዩ ቀጥ አሉና እጃቸውን አነሱ። ሴትዮዋም አነሱ። ሽማግሌው ተመልሰው ገቡ።