በልጄ ጉልበት የተሳልኩት ስለት

ፊርማው የኔ ነው፤ መካድ አልችልም። ልጄ አራተኛ ክፍል እያለች ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። «እማ፣ ሳይን አድርጊልኝ» አለች፤ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፈረምኩላት። ሙዚየም ሊወስዷቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ስኪ ኖሯል። በማግስቱ ጓንቷ በስብሶ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗ እያበራ መጣችና «እማ፣ ከላይ እስከ ታች አንዴም አልወደቅኩም!» አለችኝ። ሳላነብ መፈረም ያን ቀን ማቆም ነበረብኝ።

ስኪ ማለት፣ ለማያውቀው፣ ሁለት ረጃጅም ጣውላ የመሰለ ነገር እግር ላይ አስሮ በረዶ ከለበሰ ተራራ ቁልቁል መወርወር ነው። ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም ባይ ነበርኩ። ክፍላቸውን ይዞ የሄደው መምህር ግን ልጅቷ አትፈራም፣ ተሰጥኦ አላት ብሎ አንድ የልጆች ክለብ አስገባት። ዕቃውን ከትልልቅ ልጆች የተረፈውን ሰጧት። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ተወዳዳሪ ሆና አረፈችው። የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ሰፈር፣ ዳንፎርዝ፣ ጤፍ ልገዛ ስሄድ የሚያውቁኝ ሁሉ «ያቺ የበረዶዋ ልጅ እንዴት ናት?» ይሉኛል። አንዷማ «ሐበሻና ቁልቁለት ምን አገናኘው? እኛ ዳገት ነው የምናውቀው» ብላ ስቃብኛለች። ኧረ እኔስ መች ጠፋኝ!

ሥራዬ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኢቶቢኮ ነው፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ሳነሳ፣ ሰው ሳስተኛ፣ ሰው ሳገላብጥ እውልና ስካርቦሮ ቤቴ ስደርስ ወገቤ የኔ አይመስለኝም። ባለቤቴ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የቅዳሜና የእሁዱ ሹፌር እኔ ነበርኩ። ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ፣ መኪናው ላይ ያደረውን በረዶ እጠርጋለሁ፣ ስኪውን ጣሪያው ላይ አስራለሁ፣ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት እነዳለሁ። እሷ አጠገቤ አፏን ከፍታ ትተኛለች። በረዶ የሚጠርገው ትልቁ መኪና ከፊቴ ሲገባ ደስ ይለኛል፤ ቀስ ለማለት ምክንያት ይሆነኛል። ስንቃችን በፔርሙስ የተበጠበጠ በሶ ነው። መጀመሪያ ጓደኞቿ ጭቃ ትጠጣለች ብለው ሳቁባት፤ ወር ሳይሞላ ከሷው ፔርሙስ ሲቀዱ አየሁ።

ደክሞኝ ነበር። እንዲታዘንልኝ አይደለም የምጽፈው። ደክሞኝ ነበር፣ አለቀ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ነገ ሰማዩ ተደፍቶ መንገድ በተዘጋ እያልኩ እተኛለሁ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ነው።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ ዘንጎች ይተከላሉ፤ ልጆቹ ተራ በተራ በዘንጎቹ መሀል እየተጥመለመሉ ይወርዳሉ፤ ቶሎ የደረሰ ያሸንፋል። እነሱ የሚወዳደሩባት ኮረብታ ትንሽ ናት፣ ከታች ቆሞ የላዩን መነሻ ማየት ይቻላል። ሌሎቹ ወላጆች አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ ስልካቸውን ደግነው ይጮሃሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። ቀዩን ጃኬቴን ለብሼ፣ ፊቴን ወደ መኪና ማቆሚያው አዙሬ፣ ጓንቴን ነክሼ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እላለሁ። ቁጥሯ በድምፅ ማጉያ ከተጠራ ደቂቃ አይሞላም፤ የገባችበት ሰዓት ሲነገር ያን ጊዜ ዞር እላለሁ። አሰልጣኟ፣ ጢሙ ላይ በረዶ የማይጠፋ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ትከሻዬን ይዞ ሊያዞረኝ ሞከረ። «አልችልም፣ ተወኝ» አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ስትወዳደር አንድም ቀን አላየኋትም። እሷ ይህን ታውቃለች ብዬ አስቤም አላውቅ፤ ታች ስትደርስ ሁሌ ፊቴ ወደ እሷ ነው።

የወደቀችው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ስለቀዘቀዘ ቁልቁለቱ መስታወት ሆኗል። ቁጥሯ ተጠራ። ዞርኩ፣ ጓንቴን ነከስኩ። ከኋላዬ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ «ኦ!» አለ። ስዞር አንዱ ስኪ ብቻውን እየተንሸራተተ ወደኛ ሲመጣ አየሁ። ልጄ እላይ የመከላከያው መረብ ውስጥ ተጠቅልላ፣ እግሬን እያለች ትጮሃለች።

ልሮጥ ስል ያዙኝ። ተጎጂ የሚያነሱት ሰዎች ወርደው ከበቧት፤ የሚታየኝ ጀርባቸው ብቻ ሆነ። እዚያው በጉልበቴ ወደቅኩና ጮክ ብዬ ተሳልኩ። «እመቤቴ ማርያም፣ እግሯን ብቻ መልሺልኝ! የቬልቬት ጥላ አስገባልሻለሁ፤ ልጄም ሁለተኛ በረዶ ላይ አትወጣም!» አልኩ። በአማርኛ ስለሆነ ከሰዎቹ የገባው አልነበረም። አንዲት እናት ብቻ ጀርባዬን ትደባብሰኛለች።

የግራ ጉልበቷ ጅማት ተበጥሷል ተባለ። በየካቲት መጨረሻ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ሐኪሙ ከራሷ ጭን ጅማት ወስዶ ቀጠለላት። ከዘጠኝ ወር በፊት ስኪ አይታሰብም አለን። እሷ ዘጠኝ ወር የሚለውን ሰማች፤ እኔ አይታሰብም የሚለውን።

ከዚያ ወዲያ ቀን ኢቶቢኮ የሰው እግር ሳነሳ እውላለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ የልጄን አነሳለሁ። ፎጣ ጠቅልዬ ከተረከዟ ሥር አስገባለሁ፣ በላስቲክ በረዶ አድርጌ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለሁ። «እጠፊው። አሁን ዘርጊው። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ በሞቴ!» ታለቅሳለች፣ ትቆጣኛለች፣ መልሳ ይቅርታ ትለኛለች። ጭኗ ከስቶ ሱሪዋ ባንድ በኩል ይንጠለጠላል። ጠያቂው ጎረፈ። «እንኳን እግዜር አተረፈሽ፤ በይ ሁለተኛ እዚያ እንዳትደርሺ» ብሎ በልቶ ይሄዳል። አንዲት ዘመዳችን ስካርቦሮ ውስጥ የታወቀ ወጌሻ አለ፣ ዛሬውኑ ይሻት ብለው ቢደውሉ ቢደውሉ ሰለቸኝ። «ጉልበቷ በብሎን የታሰረ ነው፤ ወጌሻው መፍቻ አለው?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ባለጌ ሆንኩ መሰለኝ፣ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

በፋሲካ ክራንቹን ጣለች። በሐምሌ ደረጃ በሩጫ ወጣች። በመስከረም በግራ እግሯ ብቻ መዝለል ጀመረች፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን እስኪደበድቡ ድረስ። አንድ ነገር በተሳካላት ቁጥር «እማ፣ ጥር ላይ እዛው ነኝ!» ትለኛለች። እኔ «እግዜር ያውቃል» እላለሁ። እየመረቅኳት ይመስላታል። ስለቱን አልነገርኳትም። እግሯ ይዳን እንጂ ሌላው ይደርሳል እያልኩ ወር በወር ገፋሁት። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

የኅዳር ጽዮን ደረሰች፣ የእመቤታችን ክብረ በዓል። ጥላውን እህቴ ከአዲስ አበባ ሰው አግኝታ ልካልኛለች፤ ሰማያዊ ቬልቬት፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ልጄንም «ስለትሽን ላስገባ ነው፤ በእግርሽ ቆመሽ ትታዪ» ብዬ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። ስለቱ የሰመረለት ሰው ያመጣውን ይዞ ፊት ይቆማል፤ የተሳለውን በማይክ ያነቡለታል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ተራዬን ስጠብቅ የሚመዘግቡት አዛውንት «ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽው?» አሉኝ። ስለት ሲነገር አይሸራረፍም፤ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሁሉንም ይጽፉታል ብዬ መች አሰብኩ!

«ይህች እህታችን» አለ ማይኩን የያዘው፣ «ልጇ በረዶ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ቢበጠስባት፣ እመቤቴ እግሯን ብትመልሺልኝ ልጄ ሁለተኛ በረዶ ላይ አትወጣም ብላ ተስላ ነበር። ይኸው እመቤታችን ሰማቻት፣ ልጅቷ በሁለት እግሯ ቆማለች! እልል በሉ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። የማላውቃቸው እናቶች መጥተው ልጄን ይስማሉ። ልጄ አማርኛ ስትናገር ትሰባብራለች እንጂ ስትሰማ አንድ ቃል አያመልጣትም። ነጠላዋን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «እማ፣ የኔን ነው የሰጠሻት?» አለችኝ።

አፈር ልብላ፤ እጇን ይዤ በሰዉ መሀል ወደ መኪናው አወጣኋት።

መኪና ውስጥ ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ መጣል ጀምሯል፤ መስኮቱን እያየች ቤት ደረስን። ሳምንት ሳይሞላ ሐኪሙ አያትና ቀስ እያልሽ መጀመር ትችያለሽ አላት። አሰልጣኟ ኮል ሲያደርግላት «አልመጣም» ብላ ስልኩን አስቀመጠችው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ያን ቅዳሜ ፀሐይ እስክትወጣ ተኛሁ። የቀጠለውንም ቅዳሜ ተኛሁ። በሦስተኛው ከእንቅልፌ ስነሳ ስኪውን ቁም ሳጥን ጀርባ ከታው፣ ግድግዳ ግድግዳ እያየች አገኘኋት። እግሯን ማሠራቱንም ትታለች።

«ለምን?» አልኳት። ጠያቂም ሆኜ!

«አሁን ብወድቅ ማርያም ናት የጣለችኝ ትያለሽ» አለች። «እኔም እንደዛ ነው የማስበው። አይ ካንት፣ እማ። ፈራሁ።»

ይህች ልጅ ተወልዳ ፈራሁ ብላ አታውቅም። ነርስ መርፌ ሲይዝ ዓይኗን የማትጨፍን ልጅ ናት። ለእመቤቴ የሰጠኋት መስሎኝ የራሴን ፍርሃት ነው ለልጄ ያወረስኳት። ጓዳ ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እርጅና የተጫጫናቸው፣ ቁጡ አባት ናቸው። «አባ፣ የተሳሉት ይቀየራል?» አልኳቸው፤ ታሪኩንም ነገርኳቸው።

«ስትሳይ ጠየቅሻት?»

«አባ፣ መረብ ውስጥ ተጠቅልላ እንዴት አድርጌ ልጠይቃት!»

«እንግዲያ በሰው ነገር ነዋ የተሳልሽው!» ብለው ተቆጡ። «ጥላው ያንቺ ነው፣ ሰጥተሻል። ሁለተኛው መች ያንቺ ሆነና? ንስሐ ግቢበት። በሱ ምትክ ከራስሽ የሆነ፣ ስትሰጪው የሚከብድሽን ስጪ። አርባ ስግደትም ጨምሪበት፣ ልብ እንድትገዢ።»

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያነሳ ለሚውል ጉልበት አርባ ስግደት ቀልድ አይደለም። ሰግጄ ስጨርስ ከምንጣፉ መነሳት አቃተኝ። ልጄ ከክፍሏ ወጥታ አየችኝ፤ ከፍሪጅ በረዶ በላስቲክ አምጥታ ጉልበቴ ላይ አደረገችልኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ንስሐ ነው። ስለቱ ትክክል አልነበረም፤ ያንቺን ነው የሰጠሁት። አባ ከራስሽ ስጪ ብለውኝ ሌላ ተሳልኩ።»

«ምን ሰጠሽ?»

«ሁለተኛ ፊቴን ላላዞር። ስትወርጂ አይቼሽ አላውቅም። አንዴም። እየፈራሁ ዞሬ ነበር የምቆመው። አታውቂም እንጂ...»

«አውቃለሁ» አለች።

«ከየት አወቅሽ?»

«መነሻው ላይ ቆሜ ወደ ታች አያለሁ። ሁሉም ፊቱ ወደኛ ነው። አንድ ቀይ ጀርባ ብቻ አለ።» በረዶውን አመቻቸችልኝ። «ኢትስ ኦኬ፣ እማ። እሱን እያየሁ ነው የምወርደው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ። ሌሎቹ ልጆች የእናታቸውን ፊት እያዩ ሲወርዱ የኔ ልጅ ጃኬት እያየች። ፀጉሯን ሳሻሽ ቆየሁ። እሺ እሄዳለሁ አላለችኝም። በማግስቱ ግን ከክፍሏ ያ የመዝለል ድም ድም ተሰማኝ፤ የታችኞቹም ጎረቤቶች ደበደቡ። እሰይ፣ ይደብድቡ!

የሄድነው ልክ በዓመቱ፣ ጥምቀት እንዳለፈ ነው። ውድድር አልነበረም፤ ቁጥር የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፣ ጥቂት ዘንጎች ብቻ። መንገዱን ሙሉ አልተኛችም፤ በሶዋንም አልነካችም። ወደ ላይ በሚወስደው ወንበር ወጣች። እኔ አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። አሰልጣኟ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አንገቴ በራሱ ይዞር ይዞር ይላል። እላይ አንዲት ትንሽ ነገር ቆማለች። ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ቀኝ እጄን ከአጥሩ አላቅቄ አውለበለብኩላት።

ተነሳች።

ልጄን ያን ቀን አየኋት። ጉልበቷን አጥፋ፣ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዘንጎቹን በክንዷ እየገፋች፣ በረዶውን ከኋላዋ እየበተነች መጣች። ቀስ ብላ ነው የወረደችው፣ ድሮ በዚያ ፍጥነት ብትወርድ ታፍር ነበር። እኔ ግን ከዚያ በፊት የማወዳድርበት አልነበረኝም። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ መንገድ ለዚህ እንደነበር ገና ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴ በእንባ ርሶ መድረቅ አቃተው።

ፊቴ ደርሳ ቆመች። እያለከለከች መነጽሯን ወደ ሄልሜቷ አነሳች። ምን ልበላት?

«ሦስተኛው ዘንግ ላይ» አልኳት፣ «ለግራ እግርሽ ሳሳሽለት።»

ትክ ብላ አየችኝ።

«አየሽኝ?» አለች።

«አየሁሽ።»