ለቪክ የተተከለው ድንኳን

ብዕር መያዝ ለእኔ ቢጤ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በማታ ትምህርት ነው። እሱንም ዳር አላደረስኩትም። የሚፋጅ ብርጭቆ ሲይዝ የማይንቀጠቀጥ እጄ እስክሪብቶ ሲይዝ ምን እንደሚነካው እንጃ፣ ወረቀቱ ላይ ላብ ያንጠባጥባል። እንግዲህ ያበላሸሁትን ለልጅ እንደምትተዉ ተዉልኝ። ደግሞ የምጽፈው ስለ ትልቅ ሰው አይደለም። ስለ ነብዩ ነው። ስለ ትልቅ ሰው ቢሆን ኖሮ አልደፍርም ነበር።

ሸዋነሽ እባላለሁ። አሶሳ መናኸሪያው አጠገብ፣ በቀርከሃ በታጠረች ክፍል ሻይና ቦንቦሊኖ እሸጣለሁ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ነብዩ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቀው «ፕላን ላይ ነኝ» አለኝ። ይኸው ከመጣ ጀምሮ ፕላን ላይ ነው።

ነብዩን ከሩቅ ማወቅ ይቻላል። በሚያዝያ፣ የአሶሳ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ጊዜ፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ካያችሁ እሱ ነው። ከጃኬቱ ሥር ያለው ካናቴራ ላይ ፀጉሩ ፊቱን የሸፈነው ፈረንጅ ተስሏል። ቪክ ሃርላንድ ይባላል። የሮክ ጊታር ተጫዋች ነበር አሉ። ሞቷል። ነብዩም ጊታር አለው፤ የተከራየው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ክሩ ግማሹ ተበጥሷል፣ ሲመታው የሰማ ሰውም የለም። አቧራውን ግን ይጠርግለታል፤ ሐሰት አልናገርም።

ዋና ሥራዬ ብሎ የያዘው ሚክስ ነው። ሚክስ ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ ሌላ ሰው የደከመበትን ዘፈን ቆራርጦ፣ እያጣበቁ የራስ ማድረግ ነው። በሱዳን ዘፈን ይጀምርና የወሎ ትዝታ ያስገባል። ዘፋኟ ገና ትንፋሽ ስትስብ ቪክ በጊታሩ ዘሎ ይገባባታል። ቪክን ተከትሎ የሠርግ ዘፈን፣ ከሠርጉ ቀጥሎ ህንድ። በየመሃሉ የገደል ማሚቶ እንደሚመልሰው ሆኖ የራሱ ድምፅ ይመጣል፦ «ናቢ... ናቢ... ናቢ ሚክስ!» ራሱን ማቆላመጡ ነው። ሌላ ሰው ናቢ ሲለው ሰምቼ አላውቅም።

ይህንን በቴሌግራም ለሰው ሁሉ ይልካል። መላኩ ባልከፋ፤ እኔ ጋ መጥቶ ያስደምጣል እንጂ። ድምፅ ማጉያውን ብርጭቆ የምደረድርበት ጠረጴዛ ላይ ያኖርና ፊት ለፊቴ ይቆማል። ሙዚቃውን አይሰማም፤ ፊቴን ነው የሚያየው። ጣቱን ወደ ላይ ይቀስርና «አሁን... ጠብቂ ሸዋዬ... አሁን... መጣች!» ይላል። ምን እንደመጣች እንጃ። እኔ ሰው ፊት መሳቅም መኮሳተርም አልችልበትም፤ አንገቴን እደፋለሁ። እሱ ታዲያ «ነካሽ አይደል?» ይለኛል።

ስለ ለቅሶም መናገር አለብኝ። የጎረቤቱ የበለጡ ባል ሲሞት፣ ከነብዩ ጋር የሚለያቸው አንድ አጥር ነበር። የሰው ዘር ሁሉ መጣ፤ ነብዩ አልመጣም። የእድር አባል ነው፤ ለቅሶ ግን ያስጨንቀኛል ይላል። በምትኩ ለበለጡ የሐዘን ሚክስ ላከላት። የበለጡ ስልክ የቁልፍ ስልክ ነው፤ ከመደወል በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። «አጥር ላይ ቆሞ እግዜር ያጥናሽ ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር?» ብላኛለች። እሱም እስከ ዛሬ «እትዬ በለጡ ሚክሱን ሰምታ መልስ አልሰጠችኝም» እያለ ያማታል።

ለቪክ ግን ያዝናል። ዓመት በመጣ ቁጥር፣ ቪክ በሞተበት ቀን መታሰቢያ ሚክስ ያወጣል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ፂሙን አይላጭም። ሻዩንም ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ከዚያ ግን ቦንቦሊኖ ይደግማል።

ዘንድሮ ነገሩ ረጀብን ነካ፤ እኔም ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ረጀብ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው። ከሻይ ቤቴ ማዶ፣ ማንጎው ሥር የቀርከሃ አልጋ ይሠራል። አባቱ ባቢከር ዙምባራ ነፊ ነበሩ። ዙምባራ ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ብዙ ሆነው ነው የሚነፉት፤ አንዱ ሰው ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሁሉም ተራውን ጠብቆ የራሷን ጣል ሲያደርግ ዘፈኑ ይሞላል። ባቢከር ከመሞታቸው በፊት በአንድ አዝመራ ሲነፉ ረጀብ በስልኩ ቀድቷቸው ነበር። ሻይ ሲጠጣ አንዳንዴ ይከፍተዋል። ስልኩ አርጅቷልና ድምፁ ይቆራረጣል፤ እሱ ግን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል።

አንድ ቀን ነብዩ ሰማና ጃኬቱን እያንኮሻኮሸ ብድግ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ነው?»

«ባባ ነው፣ ኡስታዝ» አለ ረጀብ። ነብዩን ኡስታዝ ይለዋል፤ የተማረ ነው ብሎ። «ትልቁ ዙምባራ የባባ ነው። ብዙ አይናገርም። ሌላው ሲናገር ባባ ዝም። ከዚያ ይመጣል፣ ቡም። ዝም ሲልም ግን እየነፋ ነው።»

«ክፍተት አለው!» ብሎ ጮኸ ነብዩ። «ሸዋዬ ሰማሽ? መሃሉ ባዶ ነው! ቪክ እኮ ለዚህ ባዶ የተፈጠረ ሰው ነው!» ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ሚሞሪውን ስጠኝ። በኮምፒውተር ጥርት አድርጌ እመልስልሃለሁ።»

ረጀብ ስልኩን ደረቱ ላይ ያዘ። «ኡስታዝ፣ ሌላ ቦታ የለም። ባባ ሞተ። የቀረው ይሄ ብቻ ነው።»

«እኔ ጋ ምን ይሆናል ብለህ ነው? ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው እጅ እኮ ነው የሚገባው!»

ረጀብ ሰው ማሳፈር አይወድም። በጥፍሩ ሚሞሪዋን አወጣና ሰጠው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። «ኡስታዝ፣ ባባ ደረሰ?» ይለዋል። ነብዩ ሻዩን እያማሰለ «ጥበብ አይቸኮልም» ይለዋል። ረጀብ እሺ ብሎ ወደ ቀርከሃው ይመለሳል። ዝናቡ ገባ፤ ማንጎው አለቀ፤ ባባ አልደረሰም።

የቪክ ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ነብዩ ለእድሩ ዕቃ ጠባቂ «መታሰቢያ አለብኝ፣ ድንኳን ያስፈልገኛል» ብሎት ኖሯል። ሰው መታሰቢያ አለብኝ ሲል የማን ብሎ የሚመረምር የለም። ድንኳኑ መጣ፤ አግዳሚው መጣ። ከምሳ በኋላ በነብዩ ደጃፍ፣ መንገድ ዳር ተተከለ።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር የእድር ድንኳን ቆሞ የታየ እንደሆነ ሰው አይጠይቅም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። መጀመሪያ የደረሰችው በለጡ ናት። እሱ ያላለቀሰላት በለጡ! «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ገብታ ነብዩን አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ጠየቀች።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ። ማን ነው ያረፈብህ?»

«ቪክ ነው፣ እትዬ።»

«ቪክ... ታናሽህ ነው?»

«ሙዚቀኛ ነው። የሮክ።»

«ባዳ ነው በለኛ።»

«ለእኔ ከወንድም በላይ ነው።»

«መቼ ነው የተረዳኸው?»

«ከሞተስ ቆይቷል። ዓመት በዓመት አስበዋለሁ።»

በለጡ እንባዋን ጠረገች። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶ ቀና ብላ አየችው። «ይኼ ነው? ፀጉሩን የሚቆርጥለት ዘመድ እንኳ አልነበረውም?» አለች። ግን ለቅሶ ድንኳን ገብቶ ሳይቀመጡ መውጣት ነውር ነውና ተቀመጠች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ገቡ። ከሰፈራ መንደር ሰዎች በባጃጅ ተጭነው መጡ፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝም ብለው ተደረደሩ። እኔም ሻይ ይዤ ሄድኩ፤ ባዶ እጅ አይኬድም።

ነብዩ ጆሮዬ ሥር መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሸዋዬ፣ ቪክን ይህን ያህል ሰው እንደሚወደው አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። አንዱ ጸሎት መስሎት ተነሳ፤ ጊታሩ ሲጮህ መልሶ ተቀመጠ። ነብዩ ጣቱን ቀስሮ በየፊታችን ዞረ። «አሁን... አሁን... መጣች!» አለ።

የመጣችው የባቢከር ዙምባራ ናት።

ማዶ ማንጎው ሥር ረጀብ ቀና አለ። ቢላውን ጣለና መንገዱን ተሻግሮ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡት፤ አልተቀመጠም። ትናንሾቹ ዙምባራዎች ይነፋሉ፤ ትልቁ ተራውን ሊጠብቅ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ቪክ ይገባል። ቪክ ያላደረሰውን ደግሞ «ናቢ... ናቢ... ናቢ ሚክስ!» ይሞላዋል። የባቢከር ተራ ሲደርስ ከጩኸቱ ሥር የሆነች ነገር እህ ትላለች እንጂ አትሰማም። ዝም ማለት የሚባል ነገር ነብዩ አያውቅም፤ ሌላ ሰው ዝም ሲልም ቦታው ለእሱ የተለቀቀ ይመስለዋል።

መጨረሻው ላይ ጊታሩ አለቀ። ነብዩም የሚናገረው አልቆበት ኖሯል። ሌሎቹ ዙምባራዎች አቁመው ባቢከር ብቻቸውን አንድ ረጅም ትንፋሽ ነፉ። ማንም ያልነካው፣ ጥርት ያለ። ረጀብ እጁን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ባባ ነው» አለ።

«አባትህ?» አለች በለጡ።

«አዎ። ሞተ።»

በለጡ ተነሳችና እንደገና አለቀሰች፤ አሁን የምታለቅስለትን አውቃ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ የረጀብን እጅ ያዙ፤ «አላህ ይርሐማቸው» አሉት። ድንኳኑ ሟቹን አገኘ። ነብዩ በሰው መሃል እየተሽሎከለከ «ገና አላለቀም እኮ፣ ቀጥሎ ቪክ የመጨረሻ ኮንሰርቱ ላይ...» ይላል። ማን ይስማው።

«ኡስታዝ፣ ሚሞሪው የታለ?» አለ ረጀብ።

«ዋናው ቅጂ ቦታ ያዘብኝና አጠፋሁት። ግን ምን አስጨነቀህ? አባትህ ሚክሱ ውስጥ አለ! ከቪክ ጋር!»

ረጀብ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እሺ። መጨረሻውን ብቻ ቆርጠህ ስጠኝ። ባባ ብቻውን ያለበትን።»

«አይሆንም» አለ ነብዩ፤ ደረቱ ላይ ያለውን ፈረንጅ እየነካ። «አንድ ወጥ ሥራ ነው። ጥበብ አይቆረጥም።»

«አንተ ልጅ!» አለች በለጡ። «የዓለሙን ዘፈን እንደ ሽንኩርት ስትከትፍ ኖረህ፣ ያንተ ሲሆን ደም ይወጣዋል? ስማ፣ ይኼ ድንኳን የእድር ነው። ለዚህ ሰው የአባቱን ትንፋሽ እሰጣለሁ ካላልክ ካስማውን እነቅላለሁ፤ አንተና ፀጉራሙ ወንድምህ ዝናብ ይምታችሁ!» ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። ዝናቡም እየመጣ ነበር። ነብዩ ድምፅ ማጉያውን አየ፣ ሰማዩን አየ።

«ነገ ጠዋት» አለ።

በማግስቱ ረጀብ የሻይ ውሃዬ ሳይፈላ ደርሶ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነብዩ ፂሙን ተላጭቶ፣ ጃኬቱን ለብሶ መጣ። ሚሞሪዋን በሶፍት ጠቅልሏታል። የእኔ ሬዲዮ ላይ ሰካትና ወደ ኋላ ብሎ ቆመ።

ባቢከር ነፉ። ረጀብ ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል፣ ትናንት ማንም ያልነካው ቦታ ላይ፣ «ናቢ... ናቢ... ናቢ ሚክስ!» አለ።

«ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው» አለ ነብዩ፤ ጣቱን ቀስሮ የረጀብን ፊት እያየ። «ነካህ አይደል?»

ረጀብ ተነስቶ ሬዲዮውን አጠፋ። ሚሞሪዋን ነቅሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ቁልፉን ዘጋ።

«ሸዋነሽ፣ አንተ ስማ» አለኝ፤ እኔን ሁልጊዜ አንተ ነው የሚለኝ። «ባባ ይቀድማል። ኡስታዝ ናቢ ሲል እኔ አጠፋለሁ።»

«ቆይ፣ ቆይ! ስሰጥህ ፎቶ እንነሳ!» አለ ነብዩ፤ ስልኩን ለእኔ እያቀበለ። ረጀብ መንገዱን ተሻግሮ ነበር።

ነብዩ ከጃኬቱ ኪስ ሌላ ሚሞሪ አወጣና በሁለት እጁ ማንም ወደሌለበት ዘርግቶ «እኔን ብቻ አንሺኝ» አለኝ። አነሳሁት። እዚያው ቆሞ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው፤ «ለባህላችን» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ ፊቴን እያየ ጠበቀ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ብርጭቆዬን ማጠብ ቀጠልኩ። እሱም ሻይ አዘዘ፤ በስኳር።