ከኮምቦልቻ እስከ ዓዲ ሓቂ፦ ከቆርቆሮ በታች ያለ ሥራ

ማክሰኞ ንጋት፣ ኮምቦልቻ

መናኸሪያው ከከተማው ቀድሞ ነቅቷል። ረዳቶች «ወልዲያ! አላማጣ! መቀሌ!» ይላሉ፤ ዳቦ ሻጮች በየመስኮቱ ያንኳኳሉ። መጋዝና መዶሻ የታጨቀበትን ጆንያዬን እግሬ ሥር አድርጌ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ።

አናጢ ነኝ። የኖርኩት በር እየሠራሁ ነው። አሁን ሰው ሁሉ የብረት በር ስለሚያሠራ ኮርኒስ ብቻ ቀረኝ። ኮርኒስ የሠራሁላቸው ሰዎች ግን ደጋግመው አንድ ነገር ይነግሩኝ ጀመር፦ «ሰይድ፣ ቤቱ እኮ ቀን አይፋጅም፤ ሌሊትም አይበርደንም።» ይህንኑ ራሱን የቻለ ሙያ ላድርገው ያልኩት ያኔ ነው። መቀሌ የሚነግደው አብሮ አደጌ አብዱ ደንበኛ አግኝቶልኝ ደወለ። ባለቤቴ ዘይነብም «አንዴ ሞክረው፤ ካልሆነ ግን ሌላ እንጀራ ትፈልጋለህ» ብላ ሸኘችኝ።

ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ

ደሴን በጉም ውስጥ አለፍናት። ሐይቅ ላይ ፀሐይ ወጣች። መርሳ ላይ ተሳፋሪው በመስኮት ፓፓያ ገዛ። ከቆቦ ወዲያ ሜዳው የታጨደ የማሽላ አገዳ ብቻ ነው። አላማጣ ለምሳ ስንወርድ ሾፌሩ ጆንያዬን አይቶ ጠየቀኝ።

«ምን ልትሠራ ነው መቀሌ?»

«ቤት ላሞቅ።»

«ሂተር ትሸጣለህ?»

«የለም። ሂተር እንዳያስፈልግ ነው የማደርገው።»

ሾፌሩ «ታዲያ ሰው ለማያየው ነገር ይከፍልሃል?» አለኝ። ጥያቄው የግራት ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት አብሮኝ ወጣ። ማይጨው ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጆሮዬን ሲቆርጠው ሹራቤን ስንጥቁ ውስጥ ወተፍኩበት። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ «እፎይ! ተባረክ» አሉኝ። ትንሽ ተጽናናሁ።

ረቡዕ፣ መቀሌ

አብዱ የሚኖረው ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ የድሮ የድንጋይ ቤት ተከራይቶ ነው። ግድግዳው ክንድ ያህል ይወፍራል። የታኅሣሥ ብርድ ውጭ ሲያንቀጠቅጥ እዚያ ውስጥ አንድ ጋቢ ይበቃል። ወደ ደንበኛዬ ሰፈር ወደ ዓዲ ሓቂ ስንሄድ ግን በየመንገዱ የሚታየው ብሎኬትና ራቁት ቆርቆሮ ነው፤ ለተማሪ የሚከራይ፣ ቶሎ የተሠራ።

ደንበኛዬ መምህርት ለተብርሃን «እንቋዕ ብደሓን መጻእካ» ብላ ተቀበለችን። እናቷ አደይ ኪሮስ ወገባቸውን ታመው ከአልጋ አይነሱም። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ከላያቸው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሲመሽ ደግሞ በመስኮቱ ዙሪያ ነፋስ ያፏጫል።

«ሁሉንም ድፈንልኝ ሓወይ፣ ወንድሜ» አለችኝ ለተብርሃን። «አንድም ቀዳዳ እንዳይቀር።»

ዞር ስል አልጋው ሥር የከሰል ማንደጃ አየሁ። ማታ ማታ ለእናቷ ክፍሉን የምታሞቅበት ነው።

«ማንደጃው እዚህ የሚገባ ከሆነ አልደፍንም» አልኳት። «አሁን ከከሰሉ ጢስ ነፋሱ ነው የሚያድናቸው።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «እናቴ በብርድ ትሙት ነው የምትለኝ?»

ኮምቦልቻ የሆነውን ነገርኳት። ጎረቤቶቼ፣ ገና ሙሽሮች፣ በዝናብ ማታ ከሰል አስገብተው፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፈው ተኙ። ጠዋት በሩን እንድከፍት የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ አናጢ ስለሆንኩ። ከፈትኩት። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበሩ።

ለተብርሃን ግን «እኛ ስንት ዓመት ስንጠቀምበት ምንም አልሆንንም» አለች። ጆንያዬን አነሳሁ። አብዱ ክንዴን ይዞ «ወላሂ አብደሃል! የመጀመሪያ ደንበኛህን?» አለ በሹክሹክታ። ዘይነብ ትዝ አለችኝ፤ ባዶ እጄን ስመለስ የምትለኝም። ቢሆንም እግሬ ወደ በሩ ሄደ።

ከአልጋው ድምፅ መጣ። አደይ ኪሮስ ናቸው።

«ለተ፣ ማንደጃውን አውጪው። ወደይ፣ ልጄ፣ ይሥራ። ከበረደኝ አንቺ ከጎኔ ትተኛለሽ፤ በልጅነትሽ እኔ አደርግ እንደነበረው።»

ለተብርሃን ጎንበስ ብላ ማንደጃውን አነሳች። ስታልፈኝ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከሐሙስ እስከ ሰኞ

ጭቃ ከጭድ ጋር ለውሼ፣ እንደ ቂጣ አሳስቼ ግቢው ውስጥ አሰጣሁት። የመቀሌ ፀሐይ ለዚህ የምትመች ናት። ከቆርቆሮው ዝቅ አድርጌ የችፑድ ኮርኒስ መታሁ፤ የደረቀውን ጭቃ ከኤሌክትሪክ ገመዱ አርቄ በላዩ ደረደርኩ። የመስኮቱንና የበሩን ዙሪያ ከአሮጌ ጎማ በወጣ ላስቲክ አለበስኩ። ለአየር ከላይ ትንሽ መተንፈሻ ተውኩ። ለተብርሃን ስትገባ ስትወጣ አታናግረኝም፤ ሻይ ግን አቋርጣብኝ አታውቅም።

ማክሰኞ ቀትር፣ ዓዲ ሓቂ

ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነው። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አደይ ኪሮስ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ጣሪያውን አዩ።

«ሎሚ ጸሓይ የላን ድያ?» አሉ። ዛሬ ፀሐይ የለችም ወይ ማለታቸው ነው።

ለተብርሃን መልስ ሳትሰጥ በሩን ከፈተችው። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ወደቀ። እናትየው ብርሃኑን አዩ፤ እጃቸውን ወደ ኮርኒሱ ዘርግተው ሙቀቱን ፈለጉት፤ አጡት። ሳቁ። ለተብርሃንም በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። እስክወጣ ድረስ ሁለት ጎረቤቶች መጥተው ጣሪያውን አንጋጠው አዩ፤ መቼ እንደምመለስም ጠየቁኝ።

ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ

ወልዲያ አድሬ ቤት ስደርስ እኩለ ቀን አልፏል። ዘይነብ ልጆቹን ይዛ ውጭ፣ የግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ሁሉንም አወራኋት፤ ስለ አደይ ኪሮስ፣ ስለ ጎረቤቶቹ፣ መቀሌ ብንገባ ሥራ እንደማይጠፋ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እስቲ ግባና ውስጥ ተቀመጥ» አለችኝ።

ገባሁ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት አናቴን መታኝ። ቀና አልኩ፤ ከላዬ ኮርኒስ የለም። የሰው ቤት ስሸፍን የራሴን ትቼዋለሁ።

«ስለ መቀሌ የምንነጋገረው» አለች ዘይነብ ከደጅ፣ «ይሄ ካለቀ በኋላ ነው።»

መሰላሉንም ራሷ አምጥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።