ጡትና ወገብ ምን አገናኛቸው?

ምላሴ ያመጣብኝ ጣጣ ብዙ ነው፤ ይሄኛው ግን አይወጣልኝም።

አክስቴ አንድ ጡቷ በካንሰር ተቆርጦ፣ ድናለች ብለን ነበር። ዘንድሮ “ወገቤን” ስትል፣ ከሸኮ ቴፒ በሞተር የማመላልሳት እኔ ነኝና በመንገዱ አሳበብኩ። “የድሮው በሽታ እንዳይሆን፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ” ብትለኝ፣ “እቴቴ፣ ጡትና ወገብ ምን አገናኛቸው?” ብዬ ሳቅሁባት። ሦስት ወር አለፈ።

ሲብስባት ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳት። ሽማግሌው ቅቤ በእጃቸው እንደያዙ “ወድቀሻል?” አሏት።

“ኧረ አልወደቅሁም።”

“ጡትሽንስ ታመሽ ታውቂያለሽ?”

“አዎ” ስትል እጃቸውን ጠረጉ።

“ጋሼ፣ ወገቧን እኮ ነው!” አልኩ።

“አንተ፣ የጡት ካንሰር ሲዛመት ብዙ ጊዜ አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሳት።”

“እርስዎ ደግሞ ይህን የት ተማሩት?”

“ከባለቤቴ። ወገቤን ስትለኝ፣ አራት ወር ሙሉ ያሸኋት እኔ ነኝ።”