ጸጉር ነው ያለችው ጥላ

ሆስፒታሉ ውስጥ ዶክተር ሹሩባ ይሏታል። ቅጽል ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ወገቧ ድረስ የወረደ ጸጉር ይጠብቃል፤ የሚያገኛት ግን ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሐኪም ናት። ስሙ የወጣላት በሌላ ሰው ጸጉር የተነሳ ነው። ዛሬ ሲያወሩት ያስቃል፤ ያን ዕለት ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

ገና ተመርቃ ሥራ የጀመረች ሰሞን ነው። የደረት ራጅ ማንበብ የሚያስተምሯቸው አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነበሩ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ትዕግሥታቸው ግን አጭር። ክፍላቸው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፣ ግድግዳው ላይ ራጅ የሚሰቀልበት የመብራት ሳጥን አለ፣ አንደኛው አምፖል ሲያሰኘው ይርገበገባል። ተማሪ ሁሉ ራጅ ገና ከመሰቀሉ ዓይኑን ሳንባው ላይ ይተክላል። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ቆሽታቸው ያርራል።

«ሰው ቤት በእንግድነት ስትገቡ ቀጥታ ወደ ጓዳ ትሮጣላችሁ እንዴ?» ይላሉ። «አጥንቱን እዩ፣ ልቡን እዩ፣ ዳር ዳሩን እዩ። ሳንባው የትም አይሄድባችሁ!»

እሷ ግን መሮጥ ትወዳለች። አንድ ቀን ዳቦ ቤት የምትሠራ ልጅ ሳል ይዟት መጣች። ራጇ ላይ፣ ቀኝ ሳንባዋ ጫፍ አካባቢ፣ አንድ ነጣ ያለ ጥላ ታየ። ወጣቷ ሐኪም እውነቱን ለመናገር ደስ አላት፤ ማንም ሳያሳያት ራሷ ያገኘችው የመጀመሪያው በሽታ ነበር። ልጅቷን አስጠርታ፣ ቲቢ ሳይሆን እንደማይቀርና ዳቦ ቤቱንም ለጊዜው መተው እንዳለባት ነገረቻት። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ራጁን ወስዳ ስታሳያቸው ሽማግሌው ትንሽ አዩና «ልጅቷን አይተሻታል?» አሏት።

«አዎ ዶክተር፣ አነጋግሬያታለሁ።»

«ማነጋገሩንማ አነጋግረሻታል። አይተሻታል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ልጅቷ ተጠርታ ገባች። ወፍራም ሹሩባዋ በቀኝ ትከሻዋ ላይ አልፎ ደረቷ ላይ ተጋድሟል። ሽማግሌው የጥላውን ዳር በጣታቸው ተከትለው ወደ ላይ ወጡ። ጥላው ሳንባው ጫፍ ላይ አላቆመም፤ አልፎ አንገቷ ድረስ ቀጥሏል። «እዚህ ድረስ ሳንባ የለም» አሉ። ልጅቷ ጸጉሯን አናቷ ላይ ሰብስባ እንደገና ራጅ ስትነሳ ጥላው ድራሹ ጠፋ። ሳሉ ተራ ብርድ ነበር።

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ጸጉር እንደሚያስል አላውቅም ነበር» አለች። ክፍሉ በተማሪዎቹ ሳቅ ተናጋ። ስሙም በዚያው ወጣ።

ዶክተር ሹሩባን የከነከናት ግን ሳቁ አልነበረም፤ የልጅቷ ልቅሶ ነው። ሰውን በከንቱ ማስለቀሷ ሆዷ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ራጅ በተሰቀለ ቁጥር መጀመሪያ የምትፈልገው፣ ጥላው በሽታ አለመሆኑን የሚያሳይ ምክንያት ሆነ። ቁልፍ ይሆናል፣ የልብስ እጥፋት ይሆናል፣ ጸጉር ይሆናል ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበረች፤ ክፋቱም እሱ ነው።

እናቷ ስትሞት ወስዳ ያሳደገቻት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ዛሬም አብረው ይኖራሉ። አንድ ሰሞን አክስቲቱ ሳል ጠንቶባት ሰፈር ካለው ክሊኒክ ራጅ ተነሳችና ፖስታውን ይዛ ቀጥታ ወደ ቤት መጣች።

«እስኪ እይልኝ፣ የኔ ልጅ። ሐኪም በቤቴ አሳድጌ ደጅ ለደጅ ልንከራተት?»

ዶክተር ሹሩባ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ብታነሳው ሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ አለ። ክው አለች። ወዲያው ዞር ብላ አክስቷን አየቻት፤ ሽበት የገባበት ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ያን ጊዜ ከልቧ ሳቀች። «እቴቴ፣ ይሄ እኮ ጸጉርሽ ነው! እኔን በምን እንደሚጠሩኝ አልነገርኩሽም?» ብላ የዳቦ ቤቷን ልጅ ታሪክ ከነለዛው አወራቻት። አክስቷም አብራ ሳቀች። ራጁ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ።

ሳሉ ግን አልለቅ አለ። ሳምንታት አለፉ። አንድ ከሰዓት አክስቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ስታስል ዶክተር ሹሩባ ንድድ አላት።

«ራጁ መደገም ነበረበት፤ የክሊኒኩ ራጅ አንሺ ናት ያበላሸችው። ጸጉር ሳታሰበስብ ሰው ታነሳለች? ነገ ሄጄ ለአለቃዋ ነው የምነግረው!»

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«ልጅቷን እንዳትነኪያት» አለች አክስቷ።

«ለምን?»

«ጥፋት የለባትማ። ጸጉሬን በጨርቅ ጠቅልላ አናቴ ላይ አስራልኝ ነው ያነሳችኝ።»

ዶክተር ሹሩባ «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«እንዴት ልንገርሽ? ሐኪም ከሆንሽ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም» አለች አክስቷ፤ ክሩን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች። «ደግሞ እኔም መስማት የፈለግኩት እሱን ነበር። ምናልባት ከጨርቁ ያመለጠ ጸጉር ይኖራል አልኩ።»

ዶክተር ሹሩባ ራጁን አውጥታ መስኮቱ ላይ ያዘችው። ጣቷን ጥላው ዳር ላይ አድርጋ ወደ ላይ ሄደች። ጥላው ሳንባው ውስጥ ጀምሮ ሳንባው ውስጥ አለቀ። ይህን ለማወቅ የፈጀባት አንድ ትንፋሽ ነው። ያን ቀን ግን ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷን የሚያጠፋላትን የመጀመሪያ ነገር ስታገኝ ጣቷን እንኳ ሳታነሳ ዘጋችው። በራሷ አፈረች።

በማግስቱ ጠዋት አክስቷን ይዛ ሽማግሌው ዘንድ ገባች። ራጁን ሰቀሉት፤ ዳር ዳሩን አዩ፤ ልቡን አዩ፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

«ቲቢ ይመስላል፣ እመቤት» አሉ። «አክታዎን እናስመረምራለን። መድኃኒት አለው፣ ይድናሉ። ግን ራጁ ከተነሳ ሰንብቷል። እስካሁን ማን አይቶልዎት ነበር?»

«ማንም» አለች አክስቷ ፈጠን ብላ። «ቁም ሣጥን ውስጥ ጥዬው ረሳሁት። የራሴ ዝርክርክነት ነው።»

«እኔ ነኝ ያየሁት» አለች ዶክተር ሹሩባ።

አክስቷ በጠረጴዛው ስር ጭኗን ቆነጠጠቻት። «ዝም በይ፣ አንቺ!»

«አይቼዋለሁ፣ ዶክተር። ጸጉርሽ ነው ብዬ ሳቅኩባት።» እንባዋ ቀደማት።

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። አክስቷ ስለ መድኃኒቱም፣ ስለ ሳንባዋም፣ ስለ ምንም አልጠየቀች። መሃረቧን አውጥታ የልጇን ፊት እየጠረገች ወደ ሽማግሌው ቀና አለች።

«ከሥራ አታባርሯትም አይደል?»