አባቴና ግራኙ ተጫዋች

አባቴ ግራኝ አይወዱም ነበር። ይህን የምናገረው ግራኝ ሆኜ የተወለድኩት ልጃቸው ስለሆንኩ ማንም አያርመኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክበብ የቴኒስ ሜዳ ሠራተኛ ነበሩ። ቀዩን አፈር ይደለድላሉ፣ መስመር ያሰምራሉ፣ በኋላ በኋላ ደግሞ የሀብታም ልጆችን ያሠለጥኑ ነበር። እኔንም ማታ ማታ ሜዳው ሲለቀቅ ያስተምሩኛል። ራኬቱን በግራዬ ከያዝኩ ግን «በቀኝህ!» ነው። «ሰው በግራው አይበላም፣ በግራው ሰላም አይልም፣ በግራውም አይጫወትም።» በቀኜ ስመታ ኳሷ መረቡ ላይ ትቀራለች። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ራኬቱን ወርውሬ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ቂም ይዤ ነበር፣ አልዋሽም።

ታዲያ አሜሪካ፣ ኦክላንድ እኔ ዘንድ በመጡ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ ጣላቸው። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ በከዘራ መሄድ ጀመሩ። ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደተኛ ቀረ። በግራ እጅ መብላት? «ሞቼ ነው!» አሉ። እኛስ ምን እናድርግ? እኔና ባለቤቴ እየተፈራረቅን አጎረስናቸው። አባትን ማጉረስ ምርቃት ያተርፋል እንጂ ምን ክፋት አለው ብለን ነው።

አንድ ሰኞ ከሆስፒታሉ የተላከች ሶሻል ወርከር መጣች። ሳጎርሳቸው ቆማ አየችኝ። እኔ የኤርፖርት ቫን እነዳለሁ፣ ባለቤቴም ቀን ቀን ሺፍት አላት።

«እናንተ ሥራ ስትሄዱ ማን ያበላቸዋል?» አለችኝ።

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«በራሳቸው መብላት ካልቻሉ ነርሲንግ ሆም ይሻላቸዋል። የዛሬ ሳምንት ተመልሼ አያለሁ፤ ያን ጊዜ እወስናለሁ።»

ነርሲንግ ሆም፣ የሽማግሌ መጦሪያ! አባባ የሚያናግራቸው ሰው በሌለበት፣ ለማያውቁት ሰው እጅ! እኔ በቁሜማ አይደረግም አልኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማጉረስ አቆምኩ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ ሹካ ገዛሁ። «በሹካም ቢሆን ግራ ግራ ነው» አሉኝ። እህሉን ፊታቸው አስቀምጬ ዞር እላለሁ፤ ስመለስ እንዳለ ነው። ጭማቂና ሾርባ ብቻ በስትሮ እየሳቡ ሰነበቱ። ልቤ እየተቆረሰ አልበገርም አልኩ። ድርቅናው ከማን የመጣ ሆነና!

እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የጁላይ አራት ርችት ወረቀት ገና በራችን ላይ ወዳድቋል። የቀረኝ አንድ ቀን ነው። ለንደን ላይ በሣር ሜዳ የሚደረገው የቴኒስ ውድድር የወንዶች ነጠላ ፍጻሜ ስለነበር ቴሌቪዥኑን ከፈትኩላቸው፤ ቴኒስ ካዩ ኩርፊያቸውን ይረሳሉ ብዬ።

መጀመሪያ ያዩት ተጫዋቾቹን አይደለም። «ሣሩን አየኸው? ከኋላ መስመሩ ላይ ተመልጧል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ረግጠውታል» አሉ። ወዲያው አንዱ ረጅም ተጫዋች ኳሷን ሽቅብ ወርውሮ መታት። ተጋጣሚው አልደረሰባትም።

«በየትኛው እጁ ነው?»

«በግራው።»

«ወይ ጉድ!» አሉና ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጉ።

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቴም መሸነፉን ነገርኳቸው። ግራኙ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተነጠቀ፣ አራተኛውን መለሰ። አባባ «አይዞህ የኔ ልጅ!» ይላሉ። ለግራኝ! እኔ የልጆች አባት፣ በቴሌቪዥን ሰው ቀናሁ።

በአምስተኛውና በመጨረሻው ተሸነፈ። አለቀልን፣ አሁን «አየህ ግራ እጅ!» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሰውዬው ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አባባ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

«ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ» አሉ በመጨረሻ። «እጁን ግን ማንም አላስቀየረውም።»

ወደ እኔ ዞሩና «አስታጥበኝ» አሉ።

ውሃና ሳፋ ይዤ መጣሁ። እንደ ልማዴ ቀኝ እጃቸውን ላነሳ ስል ግራቸውን ዘረጉልኝ። አፈሰስኩላቸው። የምስር ወጡን አቀረብኩ። እንጀራው ሁለት ጊዜ አመለጣቸው። በሦስተኛው ጠቀለሉና ወደ አፋቸው ሳይሆን ወደ እኔ አነሱት።

«በግራዬ ነው። ትቀበለኛለህ?»

ግማሹ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹን ጎረስኩ። ከዚያ ራሳቸው መብላት ጀመሩ፣ አገጫቸው ወጥ በወጥ እስኪሆን። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኞ ሶሻል ወርከሯ መጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ቀስ እያሉ፣ እያንጠባጠቡ፣ ሳህኑን ጨረሱ። ፎርሟ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና እቤታቸው መኖር ይችላሉ አለች።

በሩን ዘግቼላት ስመለስ አባባ በግራ እጃቸው እንጀራ ጠቅልለው ይጠብቁኛል።

«ትናንት አንድ ብቻ ነው ያጎረስኩህ» አሉ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል። እኛ ደግሞ የተጣላነው ይበቃናል።»

ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩ።