የበረቱ መወርወሪያ

አያ እንግዳ በረቱን ስከፍት አይተውኝ ነበር ወይስ ከእናቴ ፊት ገመቱ? ዛሬም አላውቅም።

ጥጃ በጮኸ ቁጥር ያ ጧት ይመጣብኛል። ጣሊያን ላሞቻችንን ቀምቶ በረት አጉሮ፣ «በረቱን የነካ ይሰቀላል» ብሎ አስለፍፎ ነበር። ጥጃችን በራብ ስታለቅስ፣ እናቷ እንድትወጣላት ብዬ መወርወሪያውን ሳብሁት። መንጋው ሁሉ ወጥቶ ተበተነ።

ለአውጫጭኝ ሾላው ሥር ሰበሰቡን፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። እናቴ አፌን በነጠላዋ ይዛለች። ጎረቤታችን አያ እንግዳ ብድግ አሉ።

«ሰው ለምን ታደክማላችሁ? እኔ ነኝ። ጥጃዋ አሳዝናኝ ነው።»

እዚያው ሾላ ላይ ሰቀሏቸው።

ዘግይቼ ፊደል ቆጥሬ፣ እኔም ሸብቼ፣ በረቱን የከፈትሁት እኔ መሆኔን ለባለቤታቸው ነገርኋቸው።

«ለመሆኑ ጥጃዋ ጠባች?» አሉኝ።

«ጠብታለች» አልኋቸው። አልጠባችም ነበር።